ለምርምር ጥምረታችን ድረ ገጽና የፋይል ማከማቻ እንዴት እናቋቁም?

ጥያቄ፦ «በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውኃ ላይ የምንሠራ የተመራማሪዎች ጥምረት አለን። ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከጀርመንና ከኔዘርላንድስ ወደ አርባ የምንጠጋ አባላት ነን። የሦስት ዓመት የገንዘብ ድጋፍ አግኝተናል። እስካሁን ፋይሎቻችን በአንድ የዶክትሬት ተማሪያችን የጉግል ድራይቭ አካውንትና በቴሌግራም ግሩፓችን ነው ያሉት። አንድ ድርጅት ድረ ገጹን ወርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ፣ ሪፖዚተሪውን ዲስፔስ በሚባለው የሪፖዚተሪ ሶፍትዌር አድርጎ አዲስ አበባ በሚቀመጥ በራሳችን ሰርቨር ላይ ሊሠራልን ዋጋ አቅርቧል። ነፃ አገልግሎቶችን እንዳንጠቀም አባሎቻችን ዋስትና የላቸውም፣ ዳታችንም ለማንም ክፍት ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ምን ይመክሩናል? የድረ ገጹ አድራሻ፣ ዶሜይኑስ፣ ነጥብ ኢቲ ይሁን ወይስ ነጥብ ኦርግ?»

ሰርቨሩን አትግዙ፤ የራሳችሁን ሪፖዚተሪም አታቋቁሙ። ምክንያቴ ጥያቄው ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደ አንድ ስለተቆጠሩ ነው። ድረ ገጽ ጥምረቱን ለውጭ ሰው ያስተዋውቃል፤ እነማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ማንን ማነጋገር እንደሚቻል ይናገራል። የሥራ ማኅደር አባላት በየቀኑ የሚጽፉትን፣ የሚያርሙትንና የሚጥሉትን ፋይል ይይዛል። ሪፖዚተሪ ደግሞ ያለቀለትን፣ ከእንግዲህ የማይነካውን ዳታና ጽሑፍ በማይለወጥ አድራሻ ለዓመታት ያስቀምጣል። ድረ ገጹ ለሁለት ቀን ባይከፈት የሚጎዳ የለም። የሥራ ማኅደሩ ለሁለት ቀን ቢዘጋ ሥራ ይቆማል። ሪፖዚተሪው ከጠፋ ግን ማንም መልሶ የማይሰበስበው ነገር ይጠፋል፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተለካውን የዝዋይ ሐይቅ ውኃ ዛሬ ሄዶ መለካት አይቻልም። ሦስቱን አንድ ሰርቨር ላይ መጫን የአንዱን አደጋ ለሦስቱም ማካፈል ነው።

ዲስፔስን የምከለክላችሁ መጥፎ ሶፍትዌር ስለሆነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ከኮምፒውተር ኩባንያው ሂውሌት ፓካርድ ጋር ሠርቶ ያወጣው፣ በዓለም ዙሪያ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም የተቀመጡበት ነው። ነገር ግን የተሠራው ቤተ መጻሕፍትና የአይሲቲ ክፍል ላለው ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከሰባተኛው እትም ወዲህ ገጹን የሚያሳየውና ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍል ተለያይተዋል። ጃቫ፣ ፖስትግሬስ፣ ሶላርና ኖድ የሚባሉ አራት ፕሮግራሞች ጎን ለጎን መሥራት አለባቸው፤ እያንዳንዳቸውም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋሉ። ድርጅቱ አንድ ጊዜ ጭኖ ያስረክባችኋል። በአራተኛው ዓመት፣ የድጋፉ ገንዘብ ካለቀና ሥራውን የሚያውቀው ባለሙያ ሌላ ቦታ ከተቀጠረ በኋላ፣ የደህንነት ማሻሻያ ሲወጣ ማን ይጭነዋል? በዋጋ ማቅረቢያው ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለ የቀረበላችሁ ዋጋ ግማሽ ዋጋ ነው።

«የራሳችን ሰርቨር» የሚለው ሐረግ የዋስትና ስሜት ይሰጣል። ስሜቱ ግን ከእውነታው ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለን ብለው የተቀመጡ ደንበኞች ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ እንደነበር ያወቁት ከቃጠሎው በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐርኮምፒውተር መጠባበቂያ ቅጂ ለመሥራት የተጻፈው ፕሮግራም ራሱ ተሳስቶ 77 ቴራባይት የምርምር ዳታ አጥፍቷል። እነዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ያላቸው ተቋማት ናቸው። በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲቋረጥ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ለናይሮቢና ለበርሊን ሰው የለም ማለት ነበር። የአምስት አገር ሰዎች የሚሠሩበት ነገር በአንድ አገር መስመር ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። ይህ ለጀርመንም ይሠራል፤ ስለዚህ ሰርቨሩን ወደ አውሮፓ ውሰዱት ማለቴ አይደለም።

አሁን ወደ አባሎቻችሁ ስጋት ልምጣ። ለእንደናንተ ዓይነት ጥምረት የምመክረው ዜኖዶ የሚባለውን ነፃ ሪፖዚተሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተ ሲሆን፣ ጄኔቫ አጠገብ ያለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ሰርን ነው የሚያስተዳድረው። ለተጠቃሚ ነፃ ነው ማለት የሚከፍልለት የለም ማለት አይደለም፤ ሰርንና የአውሮፓ ኅብረት ይከፍሉለታል። በፖሊሲው የተቀመጠ ፋይል ሰርን እስካለ ድረስ እንደሚቆይ ጽፏል። የሦስት ዓመት ድጋፍ ያለው ጥምረት እንዲህ ያለ ቃል ለራሱ መግባት አይችልም። ለአንድ መዝገብ፣ ማለትም አንድ ላይ ለሚገቡ ፋይሎች ስብስብ፣ እስከ 50 ጊጋባይትና እስከ 100 ፋይል ይፈቅዳል። የውኃ ኬሚስትሪ ሰንጠረዥ፣ የሐይቅ ጥልቀት ካርታና የመስክ ሪፖርት ለሚያስቀምጥ ቡድን ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሳተላይት ምስል በቴራባይት የምታከማቹ ከሆነ ግን ዜኖዶ አይመቻችሁም፤ ያን ጊዜ የጀርመን ወይም የኔዘርላንድስ አባላችሁ የዩኒቨርሲቲውን የዳታ ማዕከል መጠየቅ አለበት።

«ሁሉም ነገር ክፍት ይሆናል» የሚለው ስህተት ነው። ዜኖዶ ላይ የፋይሉ መግለጫ፣ ማለትም ርዕሱ፣ የአዘጋጆቹ ስምና ማጠቃለያው፣ ለሁሉም ይታያል። ፋይሉን ግን መዝጋት፣ ለጠየቀ ሰው እያዩ መፍቀድ፣ ወይም እስከ አንድ ቀን ድረስ ዘግቶ ከዚያ በራሱ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። የዶክትሬት ተማሪያችሁ ጽሑፏን እስክታሳትም ዳታዋ ለአንድ ዓመት እንዲዘጋ መፈለጓ ትክክል ነው፤ መንገዱም ይኸው ነው። በጥምረቱ ስም «ኮሚዩኒቲ» የሚባለውን የጋራ ክፍል ትከፍታላችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎችን ባለቤት ታደርጋላችሁ፣ አባል የሚያስገባው ነገር ሁሉ በእነዚህ ሰዎች ዓይን አልፎ ይጸድቃል። አንድ ሰው ብቻ ባለቤት አይሁን። ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይለውጣል፣ የይለፍ ቃል ይረሳል።

እያንዳንዱ መዝገብ ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ቁጥር ያገኛል። ስለ እሱም የምሰማቸውን ሁለት የተሳሳቱ ግምቶች ላርም። ዲኦአይ ማግኘት ዳታው በባለሙያ ተገምግሟል ማለት አይደለም፤ ማንም የተዝረከረከ ሰንጠረዥ አስገብቶ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ዲኦአይ ፋይሉን ከስርቆት የሚጠብቅ መብትም አይደለም። የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉ ያለበት ቦታ ቢለወጥ እንኳ የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ ቦታ እንዲወስድ ያደርጋል። መብቱን የሚወስነው የምትመርጡት ፈቃድ ነው። ለዳታ «ሲሲ ባይ 4.0» የሚባለውን ምረጡ፤ ማንም ይጠቀምበታል፣ ምንጩን መጥቀስ ግን ግዴታው ነው። ስህተት ከተገኘ ደግሞ ፋይሉን አጥፍቶ መተካት ሳይሆን አዲስ እትም ማውጣት ነው የሚጠበቅባችሁ። ለእያንዳንዱ እትም የራሱ ቁጥር አለው፣ ለሁሉም እትሞች በጋራ የሚያገለግልና ሁልጊዜ ወደ መጨረሻው የሚወስድ ሌላ ቁጥርም አለ። ጽሑፋችሁ ላይ የምትጠቅሱት በትክክል የተጠቀማችሁበትን እትም ቁጥር ይሁን፤ ድረ ገጻችሁ ላይ የምታስቀምጡት የጋራውን።

ዜኖዶ ላይ፣ ዝግ አድርጋችሁም ቢሆን፣ የማይቀመጥ ነገር አለ። ዓሣ አስጋሪዎችንና የመስኖ ገበሬዎችን ቃለ መጠይቅ ካደረጋችሁ፣ ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት ጂፒኤስ ነጥብ ያለበት ማንኛውም ፋይል ከሪፖዚተሪው ውጭ ይቅር። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል፤ የአውሮፓ አባሎቻችሁም እ.ኤ.አ. ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኅብረቱ የዳታ ጥበቃ ደንብ ይገዛሉ። ስሙን በኮድ ተክቶ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። «የ62 ዓመት ዓሣ አስጋሪ፣ የሦስት ጀልባ ባለቤት» ብሎ የመንደሩን ስም መጻፍ ለመንደሩ ሰው ስሙን ከመጥራት አይለይም። የሥነ ምግባር ኮሚቴያችሁ የሰጠው ፈቃድ ዳታውን ስለማጋራት ምን እንደሚል አሁኑኑ አንብቡ። ቃለ መጠይቅ ያደረጋችሁላቸው ሰዎች ለጥናቱ ብቻ ተብሎ ከተነገራቸው፣ ማካፈል አትችሉም።

አሁን የምናገረው ከሰርቨሩና ከሶፍትዌሩ ሁሉ ይበልጣል። ለሰርቨር ልታወጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ ዳታ ለሚያጸዳና ለሚሰንድ ሰው፣ ለትርፍ ሰዓትም ቢሆን፣ ክፈሉት። እንደናንተ ዓይነት ጥምረት ዳታው ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በእሳት አይደለም፤ ተቀምጦ ሳለ ማንም ሊረዳው ስለማይችል ነው።

ቀኑን እንይ። የመስክ መዝገቡ ላይ 05/03/2012 ተብሎ ተጽፏል። ለሐዋሳው ባልደረባችሁ ይህ ኅዳር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2019። ለጀርመኑ ማርች 5 ቀን 2012 ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቆጣጠር ከተስተካከለ ደግሞ ኤክሴል ሜይ 3 ቀን 2012 አድርጎ ይቀበለዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት በላይ ሲሆን የዝናቡና የደረቁ ወቅት ተቀላቅሏል። ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን በ3፡00 ተለካ የሚል መዝገብ ለእኛ ጧት ነው፤ ለአውሮፓዊው ሌሊት ነው። ኦክስጅን ሌሊት ይወርዳል፣ ቀን ዕፅዋቱና አልጌው ብርሃን ሲያገኙ ይወጣል፤ ስለዚህ ትክክለኛው ልኬት የማይታመን ሆኖ ይታየውና ይጥለዋል። ኬንያውያንና ታንዛኒያውያን አባሎቻችሁም በስዋሂሊ ሰዓት ሲቆጥሩ እንደኛው ከንጋት ነው የሚጀምሩት፤ በስህተቱ ብቻችንን አይደለንም። ደንቡ ይህ ይሁን፦ በሰንጠረዡ ውስጥ ቀን ሁልጊዜ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ 2019-11-15 ተብሎ ይጻፍ፤ ሰዓት በ24 ሰዓት ቆጠራ ይሁን። የኢትዮጵያው ቀን በመስክ ደብተሩ እንደተጻፈ ከአጠገቡ በሌላ አምድ ይቀመጥ፤ አይጥፋ፤ ጥርጣሬ ሲነሣ የሚፈታው እሱ ነውና።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ሐዋሳ፣ ሀዋሳና አዋሳ ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ቦታ ናቸው። ዝዋይን ደምበል የሚለው አለ፣ ከተማዋም ባቱ ተብላለች፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ለአንዱ ሐይቅ አራት ዓይነት አጻጻፍ አይቻለሁ። ሪፖዚተሪዎች ፍለጋ ላይ የአማርኛን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ አይቆጥሩም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሐይቅና ለእያንዳንዱ የመለኪያ ጣቢያ አንድ አጭር ኮድ ስጡ፣ የስሞቹን ዝርዝርም በቁልፍ ቃላት ውስጥ ሁሉንም አስገቡ። ኮኦርዲኔት ስትጽፉ በየትኛው የምድር ልኬት ሥርዓት እንደሆነ ጥቀሱ። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ የመሬት ካርታዎች አዲንዳን የሚባለውን ይከተላሉ፤ የእጅ ጂፒኤስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደብሊውጂኤስ 84ን። ሁለቱ ለአንድ ነጥብ ከመቶ ሜትር በላይ የሚራራቅ ቦታ ይሰጣሉ። የባሕር ዳርቻ ጣቢያችሁ በካርታ ላይ ሐይቁ መካከል ወይም እርሻ ውስጥ ከተገኘ በመጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የሰው ስም ሌላው ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» እና «የመጠሪያ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አልማዝ ተሰማ የምትባል ባልደረባ አንድ ቦታ «ተሰማ፣ አልማዝ»፣ ሌላ ቦታ «አልማዝ፣ ተ.» ሆና ትገባለች፤ የአያቷን ስም ስትጨምር ደግሞ ሦስተኛ ሰው ትሆናለች። ሥራዋ በሦስት ይከፈላል፣ ለዕድገት ስትወዳደርም ጥቅሶቿ አይቆጠሩላትም። ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ የሚጎዳውም ሁልጊዜ የእኛን ሰው ነው። እያንዳንዱ አባል ኦርሲድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ይክፈት። ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ይሠራል፣ ባለ 16 አሃዝ ቁጥሩ ስሙ እንዴትም ቢጻፍ ሰውየውን አንድ ያደርገዋል። ያለ ኦርሲድ ወደ ኮሚዩኒቲው የሚገባ ነገር አታጽድቁ።

ስለ አማርኛ ጽሑፍም ሁለት ነገር ልበል። ኤክሴል ላይ ሰንጠረዡን ሲኤስቪ በሚባለው ተራ የጽሑፍ ፋይል ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ዓይነት ምረጡ፤ ተራውን ከመረጣችሁ የአማርኛው አምድ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል፣ ተመልሶም አይገኝም። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ ሪፖርቶች በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች ተጽፈዋል። በዓይን አማርኛ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ናቸው፤ ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ብትለጥፉት ይታያችኋል። የቆዩ የውኃ ጥናት ሪፖርቶችን ልታስገቡ ካሰባችሁ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ፤ ዋናውን ፒዲኤፍም አብራችሁ አስቀምጡ።

ወደ ሥራ ማኅደሩ እንሂድ። ተማሪያችሁን አታስቀይሙ፤ እስካሁን ይህን ሁሉ ተሸክማ ማቆየቷ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በግል የጉግል አካውንት ያለ ፋይል የአካውንቱ ባለቤት ንብረት ነው። አካውንቱ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል። ነፃው ቦታም ከኢሜይሉ ጋር ተደምሮ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ፋይሉ የሰው ሳይሆን የተቋም የሚሆንበት ማኅደር ነው። የኔዘርላንድስ አባላችሁ ዩኒቨርሲቲውን ስለ ሪሰርች ድራይቭ ይጠይቅ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በጋራ የያዙት ሰርፍ የሚባል ድርጅት የሚያቀርበው የፋይል ማኅደር ነው፣ የውጭ አገር ባልደረቦችን በእንግድነት መጋበዝ ይፈቅዳል። ያ ካልሆነ ከአባል ዩኒቨርሲቲዎቻችሁ አንዱ የጉግል ወይም የማይክሮሶፍት ተቋማዊ አገልግሎት ካለው በተቋሙ ስም የጋራ ድራይቭ ይክፈትላችሁ።

ቴሌግራሙን ለወሬና ለስብሰባ ጥሪ ተዉት። የመስክ ፎቶ በተራው መንገድ ስትልኩበት ምስሉን ይጨምቀዋል፣ በፎቶው ውስጥ የነበረውን የጂፒኤስ ነጥብና የተነሣበትን ሰዓትም ይጥለዋል። ለተመራማሪ ከፎቶው ዋጋ ግማሹ ያ ነበር። የግድ ከሆነ «እንደ ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ለፋይል ስምም አንድ ደንብ ይኑራችሁ፦ ቀን፣ የጣቢያ ኮድ፣ ይዘት፣ የእትም ቁጥር። «የመጨረሻ የታረመ አዲሱ 2» የሚባል ፋይል ያለበት ማኅደር ውስጥ ከስድስት ወር በኋላ የጻፈው ሰው ራሱ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ አያውቅም።

ድረ ገጹ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ትንሹን ገንዘብም ሊወስድ የሚገባው እሱ ነው። ስለ ጥምረቱ፣ ስለ አባላቱ፣ ስለ ሥራዎቹና ስለ አድራሻው የሚናገሩ አራት አምስት ገጾች ይበቃሉ። ዳታ ቤዝ የሌለው፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ድረ ገጽ እመርጥላችኋለሁ፤ እንደ ሁጎ ባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ይሠራል፣ ጊትሃብ ገጾች በሚባለው አገልግሎት ላይ በነፃ ይቀመጣል፣ ሰብሮ የሚገባበት በርም የለውም ማለት ይቻላል። ችግሩ ዜና የሚያስገባው ሰው አሠራሩን መልመድ አለበት። ከእናንተ መካከል ይህን የሚችል ወይም ሊማር የሚፈልግ ከሌለ ወርድፕሬስ ይሁን፤ ግን ማሻሻያውንና መጠባበቂያ ቅጂውን አቅራቢው ራሱ በሚሠራበት ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ አገልግሎት) ላይ፣ በጥቂት ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ብቻ። ወርድፕሬስ በአመዛኙ የሚሰበረው ማንም ባላደሰው ፕለጊን በኩል ነው። የፊት ገጹ ላይ ትልልቅ ፎቶ አትደርድሩ፤ ከአርባ ምንጭ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው አባላችሁ ሐይቁን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። አንድ ደንብ ደግሞ በጥብቅ ያዙ፦ ምንም ዳታና ምንም ሪፖርት ድረ ገጹ ላይ በቀጥታ አይጫን። ወደ ዜኖዶው መዝገብ የሚወስድ ሊንክ ብቻ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ድረ ገጹ ነገ ቢፈርስ ወይም ቢቀየር የሚጠፋ ሥራ አይኖርም።

ዶሜይኑ ነጥብ ኦርግ ይሁን። ነጥብ ኢቲ የአገር ነው፤ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ይገኛል፣ ለአገር ውስጥ ተቋምም ተገቢ ነው፤ የእናንተ ጥምረት ግን የአምስት አገር ነው። ከመጨረሻው ፊደል ይልቅ ግን በማን ስም እንደተመዘገበ ነው የሚወስነው። የጥምረቶችን ድረ ገጽ ስፈትሽ ደጋግሜ የማገኘው ጥፋት ይህ ነው፦ ዶሜይኑ በሠራው ድርጅት ወይም በአንድ ግለሰብ ስም ተመዝግቦ፣ የማደሻው ማስታወሻ ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል እየሄደ ቀኑ ያልፋል። ካለፈ በኋላ ነጥብ ኦርግን ለማስመለስ ጥቂት ሳምንታት ይኖራሉ፤ እነሱም ካለቁ ማንም ይገዛዋል፣ ብዙ ጊዜም የቁማር ድረ ገጽ ይሆናል፤ በታተሙ ጽሑፎቻችሁ ውስጥ ያለው ሊንክ ሁሉ ወደዚያ ይወስዳል። በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነገር ነው፤ እስከ አሥር ዓመት አስቀድሞ መክፈል ስለሚቻል ድጋፉ ሳያልቅ ክፈሉት። ከኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ካስቸገራችሁ የጀርመኑ ወይም የኔዘርላንድሱ ዩኒቨርሲቲ ይክፈል፣ በዩኒቨርሲቲው ስምም ይመዝገብ፤ ማስታወሻው ቢያንስ ሁለት ሰው ወደሚያነበው የጋራ ኢሜይል ይሂድ።

የኢትዮጵያ ወገን አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አገራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር በብሔራዊው የአካዳሚ ዲጂታል ማከማቻ፣ በናድሬ፣ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ስለዚህ ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወጡ ጽሑፎችን እዚያም አስገቡ፤ መግለጫው ላይ የዜኖዶውን ዲኦአይ ጥቀሱ እንጂ ሁለተኛ ዲኦአይ አታውጡ፤ አንድ ሥራ ሁለት መለያ ካለው ጥቅሱ ይበታተናል። ከዚህ ውጭ በየስድስት ወሩ ያለቀው ዳታ በሙሉ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተቀድቶ አንዱ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ፣ አንዱ በናይሮቢ ይቀመጥ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአገር ውስጥ አባላት የሚሠሩት በዚያ ነው። ሲገለበጥ የእያንዳንዱ ፋይል የማረጋገጫ ቁጥር፣ ሻ-256 የሚባለው፣ አብሮ ይውጣ፤ በየዓመቱም ዲስኩ ተከፍቶ ቁጥሮቹ ይመሳከሩ። ያልተሞከረ ቅጂን እንደ ቅጂ አትቁጠሩት።

ለድርጅቱ የምትሰጡት መልስ እንዲህ ይሁን፦ ሰርቨርና ዲስፔስ አንፈልግም፤ ትንሽ ድረ ገጽ ከነሙሉ የይለፍ ቃሎቹና ከነምንጭ ፋይሎቹ አስረክቡን፣ ሁለት አባሎቻችንንም አሠልጥኑልን። በዚህ ካልተስማማ ሌላ ፈልጉ። በመጪው ስብሰባችሁ ላይ ደግሞ ሦስት ስም መዝግቡ፦ ለኮሚዩኒቲው፣ ለሥራ ማኅደሩና ለዶሜይኑ ኃላፊ የሚሆኑትን፤ ለእያንዳንዳቸውም ምትክ ከሌላ አገር። ከዚያ የተማሪያችሁን ድራይቭ አሁን ባለበት ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ገልብጡት፣ ከመደርደራችሁና ከማጽዳታችሁ በፊት።